ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ መንገድ ለሚጠፋበት አድማጭ፦ የአርት ብሌኪ «ሞኒን» እንዴት ይደመጣል?

ጥያቄው፦ «ኢትዮ ጃዝ እወዳለሁ፤ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ለዓመታት ሰምቻለሁ። ሃርድ ቦፕ የተባለውን የአሜሪካ ጃዝ ለመጀመር የድራመኛውን የአርት ብሌኪንና የቡድኑን የጃዝ ሜሴንጀርስን አልበም ‹ሞኒን› ስማ ተባልኩ። የመጀመሪያው ደቂቃ በጣም ደስ ይለኛል። ከዚያ ዜማው ይጠፋና ሁሉም በየተራ እንዳሻው የሚነፋ ይመስለኛል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ግማሽ ላይ ተውኩት። የማልሰማው ነገር ምንድን ነው?»

የማይሰሙት ዙሩን ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ዜማው ዝም ይላል፤ ዜማው የቆመበት መሠረት ግን አይቆምም። ያው ርዝመት፣ ያው የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ቅደም ተከተል እየዞረ ይመላለሳል፤ ትራምፔቱም ሳክስፎኑም ፒያኖውም የሚፈጥሩት በዚያው ዙር ላይ ነው። ማንም እንዳሻው አይነፋም። ዙሩን መከተል ከቻሉ አልበሙ በሙሉ ይከፈትልዎታል፤ ካልቻሉ ግን አሥር ጊዜ ቢሰሙትም ግማሽ ላይ መተውዎ አይቀርም።

ኢትዮ ጃዝ የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ የሚቸገርበት ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች አንድ የቤዝ ሐረግ ይይዙና እሱኑ ይደጋግማሉ። ሶሎው፣ ማለትም አንዱ ተጫዋች ፊት ወጥቶ በራሱ የሚፈጥረው ዜማ፣ በአንድ ቅኝት ላይ ይንሳፈፋል፤ የት እንደደረሱ መቁጠር አያስፈልግዎትም። በሃርድ ቦፕ ግን ከሶሎው ሥር ያለው ኮርድ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፣ ከቤቱ፣ ከሚያርፍበት ድምፅ፣ ወጥቶ ይሄዳል፣ በተወሰነለት ቦታ ይመለሳል። ደስታው ግማሽ በግማሽ ያለው ሶሎ ተጫዋቹ ያንን መውጣትና መመለስ እንዴት እንደሚጫወትበት መስማት ላይ ነው።

በመጀመሪያ የያዙት ትክክለኛው አልበም መሆኑን ያረጋግጡ። የተቀዳው ኦክቶበር 30 ቀን 1958 በአንድ ቀን፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሃከንሳክ በተባለች ከተማ፣ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮ ሲባል የወላጆቹ ቤት ሳሎን ነበር፤ ቫን ጌልደር በዚያን ጊዜ ገና የዓይን መነጽር ባለሙያ ሆኖ እየሠራ ነው የሚቀዳው። አሳታሚው ብሉ ኖት፣ ፕሮዲዩሰሩ አልፍሬድ ላየን ነው። አርት ብሌኪ ድራም፣ ሊ ሞርጋን ትራምፔት፣ ቤኒ ጎልሰን ቴነር ሳክስፎን፣ ቦቢ ቲመንስ ፒያኖ፣ ጂሚ ሜሪት ቤዝ። ከአምስቱ አራቱ የፊላደልፊያ ልጆች ናቸው፤ የፒትስበርጉ ብሌኪ ብቻ ነው። ሊ ሞርጋን ያን ዕለት ገና 20 ዓመቱ ነበር። ይህን ዕድሜ ሶሎውን ሲሰሙ ያስታውሱት።

የአልበሙ የመጀመሪያ ርዕስ የቡድኑ ስም ብቻ ነበር፤ «ሞኒን» የሚለው ስም ከመጀመሪያው ሙዚቃ ተወስዶ የጸናበት በኋላ ነው። ስለዚህ በስም ፍለጋ ላይ ሰዎች ይሳሳታሉ። በተለይ ቻርልስ ሚንገስም «ሞኒን» የሚባል ሙዚቃ አለው፤ በባሪቶን ሳክስፎን የሚጀምር፣ በዜማም በአሠራርም ፈጽሞ የተለየ ድርሰት ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ከዚህ በታች የምጽፈው ለእሱ አይሠራም። የእርስዎ በፒያኖ ብቻ መጀመር አለበት፣ ርዝመቱም 9 ደቂቃ ተኩል ገደማ መሆን አለበት። አንዳንዱ እትም ደግሞ መጀመሪያው ላይ ግማሽ ደቂቃ የሚሆን የማሟሟቂያና የንግግር ቅጂ፣ መጨረሻው ላይ የ«ሞኒን»ን ሁለተኛ ቅጂ ጨምሮበታል። ሁለቱንም ለጊዜው ይዝለሏቸው። መጀመሪያ የወጣው ሸክላ ስድስት ሙዚቃዎች ብቻ፣ በጠቅላላው 40 ደቂቃ ያህል ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ደቂቃ እንመለስ፤ ቁልፉ ያለው እዚያ ነው።

ፒያኖው ብቻውን አንድ አጭር ሐረግ ይጥላል። ቡድኑ በሁለት ድምፅ ይመልሳል። ፒያኖው ሌላ ሐረግ፣ ቡድኑ ያንኑ ሁለት ድምፅ። መሪና ተቀባይ ማለት ነው፤ ይህን ለአማርኛ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልግም። ተቀባዮቹ የሚመልሷቸው ሁለት ኮርዶች በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር መጨረሻ ላይ «አሜን» የሚባልባቸው ናቸው፦ ከቢ ፍላት ወደ ኤፍ። የዜማው ደራሲ ቦቢ ቲመንስ በቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ያደገ ሰው ነው። ርዕሱ ቃል በቃል ማቃሰት ማለት ቢሆንም ከእኛ እንጉርጉሮ ብዙም አይርቅም።

አንዱ ጥሪና መልስ 2 ባር ይወስዳል፤ በእያንዳንዱ ባር ውስጥ 4 ምት አለ። ጥሪና መልሱ አራት ጊዜ ሲደገም 8 ባር ይሞላል፤ ይህ 15 ሰከንድ ያህል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ይህ ነው። ቀጥሎ ያው ክፍል ይደገማል፤ አሁን ግን ተራው ይገለበጣል፦ ጠሪዎቹ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ይሆናሉ፣ ተቀባዮቹ እነ ፒያኖ። ይህን መገልበጥ ልብ ብለው ይስሙት፤ ብዙ ሰው ዜማው ስለሚጥመው ሳያስተውለው ያልፋል። ከዚያ ሌላ 8 ባር ይመጣል፤ ጥሪና መልሱ ይቆማል፣ ቤዙ መራመድ ይጀምራል፣ ድራሙ ይንቀሳቀሳል፣ ኮርዶቹ ከቤት ይወጣሉ። ሙዚቀኞች ብሪጅ የሚሉት ይህንን ነው። በመጨረሻ የመጀመሪያው ዜማ ለ8 ባር ይመለሳል። በአጠቃላይ 32 ባር። ይህ አንድ ዙር ነው፤ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ።

ብሪጁ የተሠራበትን መንገድ ቤኒ ጎልሰን ተናግሮታል። ቲመንስ ያቺን የ8 ባር ሐረግ በሙዚቃና በሙዚቃ መካከል እንደ መሙያ ይጫወታት ነበር። ድርሰት እንዳላት ያየው ጎልሰን ነው፤ ብሪጅ እንዲሠራላት ቲመንስን ጎተጎተው። መጀመሪያ የመጣው ብሪጅ የሐረጓን ጠባይ ስላልያዘ እንደገና እንዲሠራ አደረገው። ይህን የማነሳው ብሪጁን እንደ ተራ መሸጋገሪያ እንዳይሰሙት ነው። ያቺ መሙያ ሐረግ ሙሉ ሙዚቃ የሆነችው በእሱ ነው፤ የጥሪውን ጣዕም ሳይለቅ ከጥሪው የሚያሳርፍዎት ክፍል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኢትዮጵያ ቅኝት ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል። የመሪው ሐረግ በአብዛኛው የሚሽከረከረው በአምስት ድምፆች ዙሪያ ነው፦ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ኢ ፍላት። ሙዚቃ የተማሩ ሰዎች ባቲ ማይነር ብለው የሚያስቀምጡት ቅኝትም እነዚህኑ ርቀቶች ይዞ ነው የሚሄድ። የመጀመሪያው ደቂቃ ወዲያው የገባዎት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ልዩነቱ ከሥር ነው። ተቀባዮቹ በ«አሜን» መጨረሻ የሚያርፉበት ኮርድ ውስጥ ኤ ናቹራል አለ፤ መሪው ደግሞ ኤ ፍላት ሲል ነው የቆየው። በግማሽ ድምፅ የሚለያዩ ሁለት ድምፆች በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ አይታረቁም። ብሉዝ የሚባለው ስሜት ያለው በዚህ ፍትጊያ ላይ ነው። «ትንሽ ከቃና የወጣ» የሚመስልዎት ድምፅ ካለ ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ እዚያ የተቀመጠ ነው።

ምቱን በተመለከተ፣ ብሌኪ በግራ እግሩ ሃይሃቱን (በፔዳል የሚገጥሙ ሁለት ሳህኖች) በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ይዘጋል፤ «ጭፕ» የምትል ደረቅ ድምፅ ናት። ማጨብጨብ ካማረዎት በእነዚህ ላይ ያጨብጭቡ፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ላይ ካጨበጨቡ ሙዚቃው የሚጎተት ይመስልዎታል። ስዊንግ ደግሞ ለችክችካ ጆሮ ባዕድ አይደለም። እያንዳንዱን ምት በልብዎ ለሦስት ይክፈሉት፤ ከሦስቱ አንደኛውና ሦስተኛው ሲመቱ የሚሰማው ነው። ወገብዎ ያውቀዋል፤ ጭንቅላትዎን አያስጨንቁት።

ወደ ሥራው። በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመው ይስሙ። ዓላማው ዜማውን ያለ ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንጎራጎር እስኪችሉ ድረስ ነው፤ ብሪጁንም ጨምሮ። ብዙ ሰው ጥሪውን ይይዝና ብሪጁን ይተወዋል፤ ኋላ ሶሎው ውስጥ የሚጠፋውም ልክ እዚያው ላይ ነው። ብሪጁ አልያዝ ካለዎት ላምበርት፣ ሄንድሪክስና ሮስ የተባሉት ሦስት ድምፃውያን በግጥም የዘፈኑትን ይስሙ፤ በቃል የተዘፈነ ዜማ ቶሎ ይያዛል።

በሁለተኛው ቀን ሙዚቃውን ይልቀቁትና ሊ ሞርጋን ሶሎ ሲጀምር እርስዎ ዜማውን ከሥሩ ማንጎራጎርዎን አያቁሙ። በቀስታ፣ በአፍንጫ፣ ምት ሳይስቱ። ጥሪ፣ አሜን፣ ጥሪ፣ አሜን። መጀመሪያ የማይቻል ይመስላል፤ ትራምፔቱ ይስብዎታል፣ ዜማውን ይጥሉታል። ሲጠፋዎት ከመጀመሪያው አይጀምሩ፤ ብሪጁን ይጠብቁ። በዋናው ክፍል ሙዚቃው ቶሎ ቶሎ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው የሚቆየው፤ ብሪጁ ላይ ግን ርቆ ሲሄድ ይሰማዎታል። ያ ሲመጣ «እዚህ ነኝ» ይበሉና ከዚያ ይቀጥሉ።

ሌላው መመለሻዎ ብሌኪ ራሱ ነው። አንዱ ዙር አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል፣ ወይም አንዱ ተጫዋች ለሌላው ሲያስረክብ፣ በስኔሩ (በትንሿ ከበሮ) ላይ ሁለቱን ዱላዎች እየተጫነ የሚያንከባልለው ድምፅ አለ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከሩቅ ጀምሮ እየበረታ እንደሚመጣ ዝናብ ነው፤ ያድጋል፣ ይሞላል፣ በሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ምት ላይ ይፈነዳል። የብሌኪ መታወቂያ ነው። ይህንን ድምፅ አንዴ ከለዩ በኋላ ድራሙ አጃቢ መሆኑ ይቀርና የመንገድ ምልክት ይሆንልዎታል። አንዳንድ ድራመኛ ሶሎውን ይከተላል፤ ብሌኪ ግን ከኋላ ይገፋል፣ «በል እንጂ» ይላል፣ የደከመውን ያነሳል።

የሙዚቃው አካሄድ በግምት እንዲህ ነው። እስከ አንደኛው ደቂቃ ዜማው። ከዚያ ሞርጋን ሁለት ዙር፣ ጎልሰን ሁለት ዙር፣ ቲመንስ ሁለት ዙር፣ ሜሪት በቤዝ አንድ ዙር። በ8ኛው ደቂቃ አካባቢ ዜማው ይመለሳል፣ በመጨረሻም ማሳረጊያ ተጨምሮበት ያልቃል። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ስለሆነ የስልክዎን ሰዓት እያዩ ራስዎን መፈተን ይችላሉ። ለጥቂት ቀናት ብቻ ግን፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ይተዉት።

የሞርጋን ሶሎ የሚደነቀው በፍጥነቱ አይደለም። አጭር ሐረግ ይላል፣ ዝም ይላል። ያችኑ ሐረግ ትንሽ ለውጦ ይመልሳታል፣ እንደገና ዝም ይላል። መልስ የሚጠብቅ ሰው አነጋገር ነው፤ ጥሪና መልሱን በሶሎው ውስጥ እንዳለ ይዞት ገብቷል። ፒስተኑን ሙሉ በሙሉ ሳይጫን ግማሽ ላይ ይዞ ድምፁን የሚያጎብጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ የሰው ጉሮሮ ይመስላሉ። ሁለተኛው ዙሩ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚሞላ ያነጻጽሩ።

ጎልሰን በጠባዩ ሌላ ነው። የቴነሩ ድምፅ ወፍራም፣ ትንፋሽ የሚሰማበት ነው፤ ሐረጎቹ ይረዝማሉ፣ በኮርዶቹ መካከል ይሽሎከለካሉ። ሞርጋን ሲጨርስና ጎልሰን ሲነሳ ያለችውን ቅጽበት ደጋግመው ይስሟት፤ አንዱ ከሌላው አፍ ወሬ ሲቀበል ይመስላል። ቲመንስ በነጠላ ድምፅ ይጀምርና እየቆየ በሁለቱም እጁ ሙሉ ኮርድ እየመታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመለሳል። የሜሪትን ቤዝ ሶሎ ብዙ ሰው እንደ ማረፊያ ያልፈዋል። በዚያ ሰዓት ሁሉም ዝቅ ስለሚል ዙሩን ለመቁጠር ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው፤ እዚያ ላይ ይለማመዱ።

አሁን ስለ መሣሪያ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጆሮ ሳይሆን የድምፅ ማጉያው ነው። በስልክ ስፒከር አይስሙት። የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም፤ የቤዙ ታችኛው ክር ደግሞ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚርገበገበው። ቤዙ ከሌለ ኮርዱ የት እንደደረሰ የሚነግርዎት ሰው የለም፤ ቀሪው በአየር ላይ የተንጠለጠለ ንፊያ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ግማሽ ላይ የተዉት በስልክ እየሰሙ ከነበረ መልሱ ግማሹ ይኸው ነው። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ይሻላል፤ ግን ሁለቱንም ጆሮ። በዚያ ዘመን በነበረው የስቴሪዮ አቀዳድ መሣሪያዎቹን ለግራና ለቀኝ መክፈል የተለመደ ስለነበር አንዱን ጆሮ ለጓደኛ ካካፈሉ ቡድኑንም አብረው ይካፈላሉ። ቤዝ የሚያጎላውን ማስተካከያ ያጥፉት፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ትልቅ ቤዝ ላይ ሲጨመር ድምፁ ይድበሰበስና የእያንዳንዱ ጣት አረጋገጥ ይጠፋል። የሙዚቃዎቹን ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ቁልፍም እንዲሁ።

የቀረው አልበም ለ«ሞኒን» የሠሩትን ለሚሠራለት ሰው ቀላል ነው። አምስቱም አይመሳሰሉም፤ አራቱ የጎልሰን ድርሰቶች ናቸው። «አር ዩ ሪል» ፈጣንና ብሩህ ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ዜማውን በሁለት ድምፅ ተቃቅፈው ሲሄዱ ይስሙ። «አሎንግ ኬም ቤቲ» የአንዲት ሴት አረማመድ ያነሳሳው ዜማ ነው። በእኔ ግምት ከአልበሙ ሁሉ የረቀቀው እሱ ነው፤ የማይቸኩል፣ የማይጮህ፣ ኮርዶቹ ሳይታወቁ የሚንሸራተቱ። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ እንደ አንድ መሣሪያ ሆነው የሚነፉበትን ድምፅ ይስሙት፤ ሁለት መሆናቸው ሊጠፋዎት ይችላል። ሸክላው አንደኛ ገጹን የሚዘጋው በእሱ ነው። እዚህ ላይ አቁሞ ማረፍ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ገጽ በ«ድራም ተንደር ስዊት» ይከፈታል። ለጀማሪ ከባዱ ይህ ነው፤ ብዙዎች አልበሙን የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው። የተጻፈው ብሌኪ ጫፋቸው በለስላሳ ነገር በተጠቀለለ መምቻ ብቻ የሚጫወትበት ድርሰት ስለፈለገ ነው፤ ለዚህ ነው ድምፁ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ የሚጎመጉመው። ሦስት ክፍል አለው፤ መካከለኛው የላቲን ምት ይዞ ይለሰልሳል፣ ሦስተኛው ወደ ብሉዝ ስሜት ይጠጋል። ክፍሎቹ የት ላይ እንደሚቀያየሩ ብቻ ያግኙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ በላይ አይጠየቁም።

«ብሉዝ ማርች» ላይ ግን ይቆዩ። የሰልፍ ከበሮ ነው፤ ስኔሩ የወታደር ባንድ ይመስላል፣ በላዩ ላይ ብሉዝ ይነፋል። ዙሩ እዚህ 32 ሳይሆን 12 ባር ነው፤ ሦስት ጊዜ 4 ባር። አጭር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል፣ ለመቁጠርም ከሁሉ ይቀላል። «ሞኒን» ላይ መቁጠር እምቢ ካለዎት ከዚህ ጀምረው ወደዚያ ይመለሱ፤ ምንም ነውር የለውም። የመጨረሻው «ከም ሬይን ኦር ከም ሻይን» የሃሮልድ አርለን ዜማ ነው፣ በ1946 ለመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ የተሠራ። ድምፃውያን ሲዘፍኑት ብዙ ጊዜ ቀስ ያለ ነው፤ እዚህ ፍጥነት ተጨምሮለታል። ከአንድ ድምፃዊ ቅጂ ጋር አከታትለው ቢሰሙት ቡድኑ በዜማው ላይ ያደረገው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ሳምንት፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ። ምግብ እያበሰሉ ወይም መኪና እየነዱ መስማት ከተለማመዱ በኋላ ይመጣል። ዙሩን ይዘው የሞርጋንን ሁለት ዙር ሳይጠፉ ከጨረሱ በኋላ ከዚህ አልበም አንድ ዓመት በፊት፣ በሴፕቴምበር 1957፣ በዚያው ሳሎን የተቀዳውን የሳክስፎን ተጫዋቹን የጆን ኮልትሬንን «ብሉ ትሬን» ያውጡ። ትራምፔቱ ላይ ያለው ያው ሊ ሞርጋን ነው፤ 19 ዓመቱ ነው። የርዕሱ ሙዚቃ 12 ባር ብሉዝ ስለሆነ በ«ብሉዝ ማርች» የለመዱት አቆጣጠር እዚያም ይሠራል። ከኮልትሬን በኋላ ተራው ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ ይቁጠሩት።